ስቶቩ ማታ አይግልም፣ ስፒናው ግን ይግላል፤ ዋቱ ከፍ ያለ ልግዛ?

ጥያቄ፦ «ቡራዩ፣ አምስት ተከራይ ባለበት ግቢ ውስጥ ነው የምኖረው። ቆጣሪያችን አንድ ነው። ሽቦው ከላይ የሚታይ ባለ ሁለት የሸክላ ስቶቭ አለኝ፤ የምሰካው በዲቫይደር ነው። ቀን ደህና ይሠራል፣ ማታ ግን ሽሮ እንኳ ቶሎ አይፈላልኝም። ስፒናው እጅ እስከማያስነካ ይሞቃል። ወጥ ሳማስል ደግሞ አልፎ አልፎ ይነዝረኛል። በዚህ ላይ የመብራት መዋጮዬ እየጨመረ ነው። ዋቱ ከፍ ያለ ስቶቭ ብገዛ ይሻለኛል?»

መልስ፦

አሁን አይግዙ። ከዘረዘሯቸው ችግሮች የስቶቩ ጥፋት የሆነው መንዘሩ ብቻ ነው። የስፒናው መጋልና የማታው ድካም የሚመጡት ከስቶቩ በፊት ካለው መስመር ነው። መዋጮው ከፊሉ የቆጣሪው፣ ከፊሉ የአበሳሰሉ ጉዳይ ነው። በዚሁ መስመር ላይ ዋቱ ከፍ ያለ ቢሰኩ ስፒናው ይብሱን ይግላል፣ የማታው ኃይልም ይብሱን ይወርዳል። ብሩን ያወጣሉ፣ ችግሩ ግን ካለበት አይነቃነቅም።

ከአደገኛው እንጀምር።

መንዘሩ

እስኪስተካከል ድረስ በዚህ ስቶቭ ላይ ምንም አይጣዱበት። ቀለል ያለ ንዝረት ነው ብለው አይለፉት። ቀለል ብሎ የተሰማዎት ደረቅ ጫማ አድርገው ስለነበር ሊሆን ይችላል፤ ያው ድስት በባዶ እግርና በእርጥብ ሲሚንቶ ላይ ሆነው ሲነኩት ሌላ ነገር ነው።

የሸክላ ስቶቭ አሠራሩ ቀላል ነው። በሸክላው ቦይ ውስጥ የተጠቀለለ ሽቦ፣ ሬዚስታንሱ፣ ተኝቷል። ያ ሽቦ ምንም ሽፋን የለውም፤ 220 ቮልቱ ራቁቱን እዚያ ላይ ነው። ድስቱን ከሽቦው የሚለየው የቦዩ ጠርዝ ብቻ ነው፣ እሱም ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። ሸክላው በድስት ምት ይሸረፋል፤ ሽቦው ሲግል ይለጠጥና ከቦዩ ብቅ ይላል፤ የአሉሚኒየም ድስት ቂጥም በጊዜ ብዛት ወደ ታች ይጎብጣል። ሦስቱ ሲገናኙ ድስቱ ሽቦውን ይነካል፣ የብረት ማማሰያውም ኤሌክትሪክ ይይዛል። «አልፎ አልፎ» የሆነበት ምክንያትም ይኸው ነው፤ ድስቱ በተቀመጠበት አኳኋንና በእግርዎ ሥር ባለው እርጥበት ይለያያል። ሽቦው ድስቱን ባይነካም እንኳ ጨው ያለበት መረቅ ሸክላው ላይ ሲገነፍል እርጥቡ ሸክላ ራሱ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። የስቶቩ ማብሪያ ማጥፊያ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ ሽቦዎች አንዱን ብቻ ነው የሚቆርጠው። ሁለት ክብ እግር ያለው ስፒና ደግሞ በየትኛውም ፊቱ ተገልብጦ ይገባል። ማጥፊያው ፌዙን (ኤሌክትሪኩን ይዞ የሚመጣውን ሽቦ) ትቶ ኒውትራሉን (መመለሻውን) በሚቆርጥበት በኩል ገብቶ ከሆነ፣ ስቶቩ ጠፍቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ሽቦው ላይ ግን ሙሉ 220 ቮልት አለ። ስለዚህ ለማጽዳትም ሆነ የወደቀ ምስር ለማንሳት ማጥፋት አይበቃም፣ ስፒናውን ይንቀሉ።

ጥገናው እንዲህ ነው። የቦዩ ጠርዝ የተሸረፈ ከሆነ ሸክላው ይቀየራል፤ በሲሚንቶ ወይም በጭቃ መለጠፍ አያዋጣም፣ ሲግል ይረግፋል። ሽቦው ተበጥሶ የተቋጠረበት ቦታ ካለም ሽቦው ሙሉ በሙሉ ይቀየር። ቋጠሮ ላይ ንክኪው ደካማ ስለሆነ እዚያው ነጥብ ላይ ከሌላው በላይ ይግላል፣ በጥቂት ጊዜም እዚያው ይበጠሳል። የተበጠሰውን ጫፍ ቆርጦ ማሳጠርም ሌላ ጣጣ አለው፤ የ1,500 ዋት ሽቦ አንድ አምስተኛው ቢቆረጥ ወደ 1,875 ዋት ይወጣል። ሲያጥር «በረታ» ብሎ የሚደሰት አለ፤ ዕድሜው ግን ይቀንሳል፣ ስፒናውም ከታሰበለት በላይ ይሸከማል።

አዲስ ሬዚስታንስ ሲገዙ ዋቱን በቃል ብቻ አይቀበሉ። መልቲሜትር ያለው ሰው ጫፍና ጫፉን ይለካልዎታል፤ በ220 ቮልት ለሚሠራ ሽቦ 1,000 ዋቱ ወደ 48 ኦም፣ 1,500ው ወደ 32፣ 2,000ው ወደ 24 ኦም ማሳየት አለበት። ከዚያ ቦዩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በክር ይለኩ። ሽቦውን ሁለቱን ጫፎች ይዘው በአንድ ጊዜ፣ በእኩል፣ ከክሩ ትንሽ እስኪያጥር ድረስ ይሳቡት። እየጎተቱ እያስገቡ መሄድ አይሆንም፤ መጀመሪያ ላይ የሳሳ፣ መጨረሻ ላይ የተጨናነቀ ይሆናል። ጥቅልሉ የተጨናነቀበት ቦታ ሲበራ ደምቆ ይቀላል፣ የሚበጠሰውም እዚያ ነው።

ገልብጠው ከሥር ሲያዩት ደግሞ ከማጥፊያው ወደ ሬዚስታንሱ የሚሄዱትን ሽቦዎች ይመልከቱ። የፋብሪካው ሽቦ ሙቀት የሚችል ነው፤ ሲሊኮን ወይም እንደ ክር የተሸመነ ነጭ ሽፋን አለው። ጠጋኞች ብዙ ጊዜ በግድግዳ ሽቦ ይተኩታል። የተራው የግድግዳ ሽቦ ፕላስቲክ የተሠራው ለ70 ዲግሪ ነው፤ ከሬዚስታንሱ አጠገብ ሲሆን ይቀልጥና መዳቡ ከስቶቩ ቆርቆሮ ጋር ይገናኛል። ድስቱ ብቻ ሳይሆን የስቶቩ አካል የሚነዝር ከሆነ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኼ ነው።

«አርዝ አለኝ» ማለት ምን ማለት ነው?

እዚህ ላይ የሚነገረው ብዙ ነው፣ ግማሹ ስህተት ነው። የስቶቩን አካል አርዝ ማድረግ፣ ማለትም በሽቦ ከመሬት ጋር ማገናኘት፣ ቆርቆሮው እንዳይነዝር ይረዳል፤ ድስቱን ግን አርዝ አያደርገውም። ድስቱ የተቀመጠው ሸክላ ላይ ነውና። ድስት ለሚነዝር ስቶቭ የሚደርሰው አርሲዲ የሚባለው ብሬከር ነው። በፌዝ የሄደውና በኒውትራል የተመለሰው ኤሌክትሪክ ልዩነት 30 ሚሊ አምፔር ሲደርስ በቅጽበት ይቆርጣል። ተራው ብሬከር ይህን አያይም፤ 16 አምፔሩ ብሬከር ሽቦው እንዳይቃጠል የተቀመጠ ጠባቂ እንጂ የሰው ጠባቂ አይደለም። በሰው አካል የሚያልፈው ገዳይ ኤሌክትሪክ ከአንድ አምፔር በታች ስለሆነ ለሱ ከቁጥር አይገባም።

የአርዝ ዘንግ ብቻውን የሚበቃ የሚመስላቸውም አሉ። ግቢው ውስጥ የተቀበረ ዘንግ 50 ኦም ቢኖረው፣ ፌዙ ከስቶቩ አካል ጋር ቢገናኝ ወደ መሬት የሚፈሰው 4 አምፔር ያህል ነው፤ 16 አምፔር ብሬከር ንቅንቅ አይልም። ዘንጉና አርሲዲው አብረው ናቸው የሚሠሩት። የአርሲዲው መፈተኛ ቁልፍ በየወሩ ይጫን፤ ሲጫን ካልቆረጠ ተበላሽቷል ማለት ነው።

አደገኛ አቋራጭ የሚያስተምሩም አይጠፉም። ሶኬቱ ውስጥ አርዙን ከኒውትራሉ ጋር በአጭር ሽቦ ያገናኙታል። ኒውትራሉ መንገድ ላይ አንድ ቀን ሲበጠስ የስቶቩ፣ የፍሪጁ፣ የሁሉም ነገር አካል 220 ቮልት ይይዛል። አይቀበሉት። ከውሃ ቧንቧ ጋር ማሰርም እንዲሁ ነው፤ አሁን የሚዘረጋው አብዛኛው ቧንቧ ፕላስቲክ ስለሆነ አርዝ አይሆንም።

ዲቫይደሩን በሚመለከት፦ የስቶቩ ስፒና በጎንና ጎኑ የብረት ጉረሮ ያለው ዓይነት ከሆነ አርዙ የሚገናኘው በዚያ ጉረሮ ነው። ማንኛውንም ስፒና የሚቀበለው ዲቫይደር ግን አርዙ ያለው በሦስተኛው ቀዳዳ ውስጥ ነው። ስፒናው ይገባል፣ ይሠራልም፣ አርዙ ግን ከምንም ጋር አልተገናኘም። ግድግዳው ውስጥ ምርጥ አርዝ ቢኖር እንኳ እዚያ ዲቫይደር ላይ ሲደርስ ይቋረጣል።

ስፒናው

የሚሞቀው ዋቱ በዝቶበት ላይሆን ይችላል። 1,500 ዋት በ220 ቮልት 7 አምፔር አይሞላም፤ ሁለቱም ማብሰያ ቢበሩ፣ አንዱ 1,500 ሌላው 1,000 ቢሆን፣ 11 ተኩል አምፔር ያህል ነው። ደህና ሶኬት 16 ይችላል። የሚያሞቀው የላላ ንክኪ ነው። ስፒናው ሶኬቱን በሚነካበት ቦታ ግማሽ ኦም ቢኖር፣ 10 አምፔር ሲያልፍበት 50 ዋት ሙቀት እዚያች የጣት ጫፍ በምታህል ብረት ላይ ይፈጠራል። ፕላስቲኩን የሚያጠቁረውና የተቃጠለ ሽታ የሚያመጣው ይህ ነው።

ዲቫይደሩን ገልብጠው ጽሑፉን ያንብቡ፤ ብዙዎቹ 10 አምፔር ወይም 2,500 ዋት ይላሉ። ይላሉ እንጂ ገመዳቸው ሲከፈት ቀጭን ሆኖ ይገኛል። ለስቶቭ የሚሆን ገመድ በየሽቦው 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ መዳብ ነው። ማግኔት ካለዎት ወደ ስፒናው እግር ያስጠጉት፤ ከያዘው እግሩ ናስ ሳይሆን የተለበጠ ብረት ነው፣ ቶሎ ይግላል። ያንን ማግኔት አይጣሉት፣ ወደ ኋላ ለድስት ይፈለጋል።

ለስቶቭ ዲቫይደር ባይኖር ይመረጣል። ግድግዳው ላይ ራሱን የቻለ 16 አምፔር ሶኬት፣ ከማከፋፈያው በ2.5 ሚሊ ሽቦ፣ 16 አምፔር ብሬከር ይዞ ይምጣ። ብሬከሩ በተደጋጋሚ ሲወርድ በ32 መቀየር የተለመደ «መፍትሔ» ነው፤ ሽቦው 2.5 እንደሆነ ስለሚቀር ከዚያ በኋላ የሚቃጠለው ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ነው። ለ25 አምፔር ብሬከር 4 ሚሊ፣ ለ32 ደግሞ 6 ሚሊ ሽቦ ያስፈልጋል። ከ3,500 ዋት በላይ የሚስበው የእንጀራ ምጣድ ከስቶቩ ጋር በአንድ ሶኬት መስመር ላይ መዋል የለበትም፤ ብቻውን 16 አምፔር ይወስዳል።

የተቃጠለ ስፒና ሲቀየር ሶኬቱም አብሮ ይቀየር። አንዴ የጋለ የሶኬት ምላስ ስፕሪንግነቱን ያጣል፤ ብሎን ቢጠብቅ አይመለስም፣ አዲሱንም ስፒና በሳምንታት ውስጥ ያበላሸዋል። የገመዱ ጫፍ መዳብ ጠቁሮ ከሆነ እስኪያብለጨልጭ ድረስ ቆርጠው ይጣሉት። ክሮቹን አጥብቀው ይጠምዝዙ፣ አንድም ክር ሳያመልጥ ከብሎኑ ሥር ያስገቡ፤ ፕላስቲኩ አብሮ አይጥበቅ። ጥቂት ቀን ከተጠቀሙበት በኋላ ከመስመሩ ነቅለው ብሎኖቹን እንደገና ያጥብቁ፤ መዳብ ሲግልና ሲበርድ ይላላል። ሙሉ ሥራ ከሠራ ግማሽ ሰዓት በኋላ ስፒናው ለብ ቢል ደህና ነው፤ እጅ የማያስነካ ከሆነ ዛሬ አቁሙት የሚባል ነው።

የማታው ድካም

የስቶቭ ጉልበት ከቮልቱ ጋር እኩል አይወርድም፤ ይብሳል። ቮልቱ በአሥር በመቶ ሲወርድ ጉልበቱ ወደ ሃያ በመቶ ይወርዳል። 220 መሆን የነበረበት 180 ከሆነ የ1,500 ዋቱ ስቶቭ የሚሠራው በ1,000 ነው። ከምሽቱ አሥራ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ሰፈሩ ሁሉ ሲያበስል ይህ የሚጠበቅ ነው። ጥያቄው ቮልቱ የቀረው የት ነው የሚለው ነው፤ ትራንስፎርመር ጋ ወይስ እናንተው ግቢ ውስጥ?

ለማወቅ መልቲሜትር ያለው ሰው ማታ ሶኬቱ ላይ ሁለት ጊዜ ይለካ፤ አንዴ ስቶቩ ጠፍቶ፣ አንዴ በርቶ። ጠፍቶ 205፣ በርቶ 190 ካሳየ፣ ያ 15 ቮልት የተበላው ከዋናው መስመር ወደ ቤትዎ በሚመጣው ሽቦ ነው። ጠፍቶም 185 ከሆነና ስቶቩ ሲበራ ብዙም ካልወረደ፣ ችግሩ ከቤትዎ ሽቦ ወዲያ ነው፤ ወይ ጎረቤቶች የሚጋሩት የግቢው ሽቦ ነው፣ ወይ ከፖሉ። ቆጣሪው ጋ ሲለካ ይለያል።

ግቢው ውስጥ ያለው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ቆጣሪው በሩ ላይ፣ የሰርቪስ ክፍሎቹ ጓሮ፣ በመካከል 50 ሜትር ያህል 1.5 ሚሊ ሽቦ። 50 ሜትር ሄዶ 50 ሜትር ሲመለስ 1.2 ኦም ይሆናል። ሁለት ስቶቭና አንድ ምጣድ ማታ አብረው ሲበሩ በዚያ ሽቦ ላይ 26 አምፔር ያህል ይፈሳል፤ 31 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ከቆጣሪው 220 ወጥቶ ስቶቩ ጋ 189 ይደርሳል፣ 1,500ው ዋት 1,100 ይሆናል ማለት ነው። ፖሉ ራሱ ማታ 200 ከሆነ ደግሞ ወደ 900 ይወርዳል። ሌላውም ጉዳይ አለ፤ በ220ው ሒሳብ እንኳ ብንሄድ፣ በዚያ ቀጭን ሽቦ ላይ 800 ዋት ያህል ወደ ሙቀት ይቀየራል። ማንም የማያበስልበት አንድ ትንሽ ስቶቭ በኮርኒሱና በአጥሩ ላይ ተዘርግቶ በርቷል፣ ቆጣሪውም ይቆጥረዋል። ለዚያ ሽቦ 26 አምፔር ከአቅሙ በላይ ስለሆነ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል።

ያው 50 ሜትር በ6 ሚሊ ሽቦ ቢተካ 31 ቮልት የነበረው ኪሳራ ወደ 8 ይወርዳል። አከራዩን የሚያሳምነው ይህ ስሌት ነው፤ ተከራዮቹም ቢዋጡ ያዋጣቸዋል። ከፖሉ የሚመጣው የአሉሚኒየም ሽቦ ከመዳብ ጋር በእጅ ተጠምዝዞ በናስትሮ የተጠቀለለበት ቦታ ካለ እሱም ይቀየር፤ ሁለቱ ብረቶች እርጥበት ሲያገኙ ይበላላሉ፣ ክረምት ላይ ብልጭ ብልጭ የሚለው እሱ ነው። ለሁለቱ ብረት መገናኛ የተሠራ ማያያዣ አለ። ከቆጣሪው ወደ ፖሉ በኩል ያለውን ግን ማንም አይንካው፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎትን በ905 ደውለው ያስመዝግቡ።

በተቃራኒው አምፖሉ ከወትሮው በላይ ደምቆ ከበራ፣ ወይም አንዱ ክፍል ደምቆ ሌላው ከደበዘዘ፣ የመስመሩ ኒውትራል ተበጥሷል ብለው ይጠርጥሩ። በዚህ ጊዜ ቮልቱ ከ300 ሊያልፍ ይችላል፣ ስቶቩም ከተሠራለት ሁለት እጥፍ ወደሚጠጋ ጉልበት ይወጣል። ዋናውን ብሬከር ያውርዱና 905 ይደውሉ፤ ስቶቩ እንኳ ቢተርፍ ፍሪጅና ቴሌቪዥን አይተርፉም።

መዋጮው

የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በደረጃ ነው፤ የመጀመሪያው 50 ኪሎዋት ሰዓት ርካሹ ነው፣ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር ዋጋው ይወጣል። አምስት ቤተሰብ እያንዳንዱ 60 ቢጠቀም ለቆጣሪው 300 ነው። ለየብቻ ቢሆኑ በታችኛው ደረጃ ይከፍሉ የነበሩት ሰዎች በላይኛው ይከፍላሉ። እንዲያውም መዋጮው በእኩል ከሆነ ስቶቭ የሌለው ለባለ ምጣዱ ይከፍላል። ፍትሐዊው መንገድ በየክፍሉ ትንሽ ቆጣሪ መትከል ነው።

የራስዎን ስቶቭ ፍጆታ ማወቅ ከፈለጉ መሣሪያ አያስፈልግም። በቆጣሪው ፊት ላይ ብልጭ የምትል ቀይ መብራት አለች፤ አጠገቧም በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትል ተጽፏል፣ ብዙውን ጊዜ 1000 ወይም 1600። ግቢው ውስጥ ሌላው ሁሉ ጠፍቶ ስቶቩ ብቻ ሲበራ በ36 ሴኮንድ ውስጥ ብልጭታውን ይቁጠሩ። ቆጣሪው 1000 ከሆነ ቁጥሩን በ100 ያባዙ፣ 1600 ከሆነ በ62 ተኩል። 15 ቢቆጥሩ በ1000ው ቆጣሪ 1,500 ዋት ነው። ሁሉም ጠፍቶ መብራቷ አሁንም በተከታታይ ብልጭ የምትል ከሆነ ግን ግቢው ውስጥ ያላወቃችሁት ነገር ይስባል፤ የረሳችሁት የውሃ ማሞቂያ ሊሆን ይችላል፣ ከናንተ መስመር የተቀጠለ ሌላ ቤትም ሊሆን ይችላል።

አበሳሰል ላይ ትልቁ ብክነት ክዳን ከፍቶ ማንተክተክ ነው። አንድ ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ተነስቶ እስኪፈላ 0.084 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃዋል። ያው ሊትር ፈልቶ በእንፋሎት እስኪያልቅ ደግሞ 0.63 ይፈልጋል፣ ከሰባት እጥፍ በላይ። ከፈላ በኋላ የሚጨምሩት እሳት ድስቱን አያሞቀውም፤ በኛ ከፍታ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ቢንተከተክም ባይንተከተክም እዚያው ላይ ነው። ትርፉ ቤቱን በእንፋሎት መሙላት ነው። ስለዚህ እስኪፈላ ሙሉ ጉልበት፣ ክዳኑ ገጥሞ፤ ከፈላ በኋላ ወደ ዝቅተኛው። ስቶቭዎ ማስተካከያ ከሌለው በ1,500ው አፍልተው ወደ 1,000ው ያዙሩት፣ ወይም አምስት ደቂቃ እያጠፉ አምስት ደቂቃ ያብሩ፤ ሸክላው ሙቀት ይዞ ይቆያል።

የከፍታው ነገር ጥራጥሬ ላይ ይጎላል። በ92 ዲግሪ ሽንብራና አደንጓሬ ለመብሰል ቆላ ካለው ሰው ይልቅ ረጅም ጊዜ ይወስዳሉ። ሌሊት ቢዘፈዘፍ ጊዜው ይቀንሳል፤ ፕሬዠር ድስት ካለ ደግሞ ውስጡ ወደ 115 ዲግሪ ስለሚወጣ ሁለት ሰዓት የሚፈጀው ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ውስጥ ያልቃል። በ1,000 ዋት ሁለት ሰዓት 2 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በፕሬዠር፣ ካፏጨ በኋላ እሳቱ ዝቅ ከተደረገ፣ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ይበቃል። ጥራጥሬ ሲሆን ከግማሽ በላይ አይሙሉት፤ ገለባው ወጥቶ የእንፋሎት ቀዳዳውን ይደፍናል።

የድስቱ ቂጥ ጠቁሯል ብለው በሽቦ ሲፈትጉ አይዋሉ። ሽቦው በሚታይ ስቶቭ ላይ ሙቀቱ የሚደርሰው በአብዛኛው በጨረር ነው፣ ጥቁር ቂጥ ከሚያብረቀርቅ ቂጥ ይልቅ ይቀበለዋል። የጎበጠ ቂጥ ግን ይጣላል፤ ለመንዘሩም ዋና ምክንያት እሱ ነበር። ጀበና ቂጡ ክብ ስለሆነ በማንኛውም ጠፍጣፋ ማብሰያ ላይ ብዙ ሙቀት በጎን ያመልጣል፤ ውሃውን በሌላ ዕቃ አፍልቶ ጀበናው ውስጥ መጨመር ያቀልለታል።

መብራት ሲሄድ

የስቶቭ እሳት አንዱ የተለመደ አመጣጥ ይኼ ነው፦ መብራት ይሄዳል፣ ድስቱ ይነሳል፣ ስቶቩ ሳይጠፋ ይረሳል፣ ከላዩ ላይ ጨርቅ ወይም የፕላስቲክ ሳህን ይቀመጣል፣ ሌሊት መብራት ይመጣል። መብራት እንደሄደ ስፒናውን ይንቀሉ። ሲመለስም ወዲያው አይሰኩ፤ መጀመሪያ ላይ ቮልቱ ከፍና ዝቅ ይላል፣ አምስት ደቂቃ ያህል ይጠብቁ። ስቶቩ የሚቀመጥበት በሴራሚክ፣ በሲሚንቶ ወይም በቆርቆሮ ላይ ይሁን፤ ከመጋረጃና ከአቡጀዲ ኮርኒስ ይራቅ፤ ገመዱ በማብሰያው ላይ አይለፍ። ዘይት ከተቀጣጠለ ውሃ አይርጩበት፤ ክዳን ይግጠሙበት፣ ብሬከሩን ያውርዱ፣ ድስቱን ይዘው አይሩጡ። ከቁጥጥር ከወጣ አዲስ አበባ ላይ እሳትና አደጋ በ939 ይገኛል።

እና ስቶቭ ልቀይር ካሉ

መስመሩ ከተስተካከለ በኋላ ያዋጣል፤ ዋቱን ለመጨመር ግን አይደለም፣ ራቁት ሽቦውን ለመተው ነው። ድፍን ብረት ያለው ባለ ሁለት ስቶቭ፣ አንዱ 18 ሴንቲ ሜትር 1,500 ዋት፣ ሌላው 14.5 ሴንቲ ሜትር 1,000 ዋት፣ ለቤተሰብ ይበቃል። ፌዙ ተሸፍኖ ስለሚቀመጥ ድስቱ አይነዝርም፣ የእሳቱም መጠን ይስተካከላል። ለመጋል ቀርፋፋ ነው፣ ነገር ግን ከጠፋም በኋላ ስለሚቆይ ወጡ ሊደርስ አምስት አሥር ደቂቃ ሲቀረው ማጥፋት ይቻላል። እዚህ ላይ ግን የድስቱ ቂጥ ልሙጥ መሆን የግድ ነው፤ ብረቱን ካልነካ ሙቀቱ አይተላለፍም። ኢንዳክሽን የሚባለው ከሁሉም ያነሰ ይበላል፣ ግን ማግኔት የማይዘውን ድስት አያሞቅም። ቅድም ያስቀመጡትን ማግኔት በድስቶችዎ ቂጥ ላይ ይሞክሩት፤ አሉሚኒየሙና ሸክላው አይዙትም። አብዛኛው ድስትዎ እነሱ ከሆኑ የስቶቩ ዋጋ ላይ የድስት ዋጋም ይደምሩ።

ድፍኑን ብረት ከገዙ መጀመሪያ ባዶውን በሙሉ ጉልበት አምስት ደቂቃ ያህል ያብሩት፣ መስኮት ከፍተው፤ የፋብሪካው ቅባት ይጨሳል፣ ከዚያ ያቆማል። የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይድፉ፣ ይሰነጠቃል ወይም ይጣመማል። ካጸዱት በኋላ ለአንድ ደቂቃ አብርተው ያድርቁትና በዘይት በራሰ ጨርቅ ስስ አድርገው ያብሱት፤ ሳይደርቅ ካደረ ጠዋት ዝጎ ያገኙታል።